ሌሊት ለደረሰ መንገደኛ

ተማሪዎች ሆይ፥ ረጅም መንገድ በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካ የሚመስላችሁ ከሆነ፥ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚሄደውን ሰው ጠይቁት። እርሱ የሚቈጥርላችሁ ደጋውንና ቆላውን፥ ዳገቱንና ቁልቁለቱን፥ ያረፈበትንና የመሸበትን ቦታ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለው መንገድ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፥ በመካከሉ ዓባይ አለ። ዓባይን መሻገር ደግሞ በራሱ አንድ ጉዞ ነው።

በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ። ከሁሉ ይልቅ የማልረሳው ግን በኅዳር 1995 ዓ.ም. ያደረግሁት ጉዞ ነው። በምሠራበት ቦታ ስልክ ተደውሎ፥ «አባትህን ትንሽ አሟቸዋልና ቶሎ ድረስ» ተባልሁ። በማግሥቱ ገና ሳይነጋ በ11 ሰዓት አውቶቡስ ተራ ተገኘሁ። ጎኑ ላይ «ደብረ ማርቆስ» የሚል ከተጻፈበት አውቶቡስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥሁ፤ 12 ሰዓት ሲሆንም ጉዞ ተጀመረ።

እንጦጦን ወጥተን፥ ሱሉልታንና ገብረ ጉራቻን አልፈን ጎሐ ጽዮን ስንደርስ 5 ሰዓት ሆኖ ነበር። ከዚያ እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፥ ድልድዩን ተሻግሮ፥ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚጨምር፥ ጎሐ ጽዮን ላይ ጋቢውን የተከናነበ መንገደኛ ከድልድዩ ሲደርስ ላቡን ይጠርጋል፤ ደጀን ሲወጣ ግን ጋቢውን መልሶ ይፈልጋል። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ የተመረቀው በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለ ሆነ፥ እኛ የተሻገርነው በአሮጌው ድልድይ ነበር። ሾፌሩ ቁልቁለቱንም ዳገቱንም በዝግታ ስለ ነዳ፥ ሸለቆውን ለማቋረጥ ሁለት ሰዓት ፈጀብን።

ደብረ ማርቆስ በ9 ሰዓት ደረስን። ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄደው መኪና በሰው እስኪሞላ መጠበቅ ግድ ስለ ሆነብኝ፥ ከመናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ገባሁ። ልቤ ቸኩሎ ስለ ነበር እህል አላሰኘኝም። ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ አንድ ሽማግሌ ቄስ ከጎኔ ተቀምጠው፥ «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ዐይናቸውን ወደ መሬት ጥለው ጥቂት ዝም አሉ። ቀጥለውም ሽሮ በእንጀራ አዘዙና፥ «ብላ ልጄ፤ መንገደኛ በባዶ ሆዱ አይመሽበትም» አሉኝ። ሒሳቡንም እርሳቸው ከፈሉ። መኪናው በ11 ሰዓት ሞልቶ ሲነሣ፥ ሌላ ባዶ ወንበር ሳለ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እንደ ቸርነት ቈጠርሁት፤ ከዚያ የበለጠ ነገር መኖሩን አልጠረጠርሁም።

ደምበጫን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። በጨለማ ጎማው እስኪለወጥ፥ ሰው እስኪወርድና እስኪጫን ሲባል ፍኖተ ሰላም የደረስነው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበር። አጎቴ ከሁለት ጎረቤቶቻችን ጋር ባትሪ እያበሩ ይጠብቁኝ ነበር። «አባባስ እንዴት ናቸው?» ብላቸው፥ «ተኝተዋል፤ በሌሊት አንቀስቅሳቸው። ዛሬ እኔ ቤት እደር» አለኝ። እግሬን በሞቀ ውኃ አሳጠቡኝ፤ ራት አበሉኝ፤ እኔም ድካሙ ጣለኝና ተኛሁ።

ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎች ተከታትለው ገቡ፤ ከመካከላቸውም እኒያ ቄስ ነበሩ። ያን ጊዜ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። አባቴ ካረፉ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ቄሱም ከቀብሩ ላይ ቆመው ጸሎት ያደረሱ ሰው ኖረዋል። መርዶዬን እንዲህ ሰማሁ፤ ከቤታችን ደጅ ወደ ተተከለው ድንኳንም በሰው ተከብቤ፥ እያለቀስሁ ሄድሁ።

ይህ ልማድ ነቀፋ የለበትም አልላችሁም። እህቴ እስከ ዛሬ ድረስ፥ «እውነቱን በስልክ በነገሩን ይሻል ነበር» ትላለች። ሰው የራሱን ሐዘን የማወቅ መብት አለው ማለቷ ነው። እኔም ቀብሩ ላይ ባለመድረሴ ቈጭቶኛል፤ ይሁን እንጂ ስልኩ የተደወለው በቀብሩ ዕለት ስለ ነበር፥ እውነቱ ቢነገረኝም ዓባይን ተሻግሬ ለመድረስ አልችልም ነበር። በኋላ አጎቴን ለምን እንደ ደበቀኝ ስጠይቀው፥ «ሌሊት የሚያለቅስ ብቻውን ያለቅሳል፤ ሲነጋ የሚያለቅስ ከአገር ጋር ያለቅሳል» ሲል መለሰልኝ። ያ ሁሉ ሰዓት የባከነ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከሻይ ቤቱ ጀምሮ እስኪነጋ ድረስ ሰዎች ሐዘኑን እንድችለው እያዘጋጁኝ ኖረዋል።

ዛሬ ወሬ ከአውቶቡስ ይፈጥናል። የእጅ ስልክ ዓባይ በረሃ መካከል ያለውን ሰው፥ ብቻውን በባዕድ አገር አውሮፕላን የሚጠብቀውንም ሰው ያገኘዋል። መደበቅን አላስተምራችሁም፤ የጥንቱን ልማድ ትታችሁ እውነቱን ቶሎ ለመንገር ብትመርጡ አልፈርድባችሁም። ብቻ ከባድ ወሬ ይዛችሁ ስልክ ስታነሡ፥ አስቀድማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ «የት ደረስህ? ከማን ጋር ነህ? እህልስ ቀምሰሃል?»