ስለ ድምፅ ሸክም

በበቅሎ ላይ የግመል ጭነት መጫን ግፍ መሆኑን የማያውቅ የለም። ድምፅም ሸክም እንዳለው፥ ተሸካሚውም ሲበዛበት እንደሚያቃስት የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ ይህን ካላስተዋሉት አንዱ ነበርሁ፤ ያስተዋልሁበትን ምክንያት ለአንባቢዎቼ ልንገር።

ታላቅ እኅቴ በ1978 ዓ.ም. ስትዳር እኔ ቅኔ ቤት ነበርሁ። አገሩ ሩቅ፥ ስንቄም ጥቂት ስለ ነበረ ሠርጓን ሳላይ ቀረሁ። ከዚያ ቀን የተረፈልኝ አንድ ካሴት ብቻ ነው፤ በርሱም ላይ ከበሮ እየተመታ እናቴ የሙሽራ ዘፈን ስታወጣ ይሰማል። እናቴ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ስለዚህ ያ ካሴት በእኔ ዘንድ ከመጻሕፍቴ የሚያንስ አይደለም።

የዚያችው እኅቴ ልጅ የሬድዮና የቴፕ ጠጋኝ ነው። ባለፈው ዓመት በገዛ እጁ የሠራውን ባለ ቱቦ አምፕሊፋየር አመጣልኝ። ቱቦ የሚባለው አየሩ የወጣለት የብርጭቆ አምፖል ሲሆን፥ ዘሩ የሚቈጠረው አሜሪካዊው ሊ ደ ፎሬስት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1906 ካወጣው ከኦዲዮን ነው፤ ትራንዚስተር እስኪመጣ ድረስም አብዛኛውን ሬድዮ ያናገረ እርሱ ነው። በእኔ መሣሪያ ውስጥ ያለው 300ቢ የተባለው ዐይነት በዚያው አቈጣጠር በ1938 የወጣ ነው፤ አንዱ ቱቦ ብቻውን ሲሠራ የሚሰጠው ኃይል 8 ዋት ያህል ነው።

ኃይሉ ጥቂት ይሁን እንጂ የሰውን ድምፅ አጥርቶ ሲያሰማ እጅግ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ካሴቱን ባሰማነው ጊዜ፥ ከበሮው በተመታ ቍጥር የእናቴ ድምፅ ይሻክርና ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከፍ ባደርገው የባሰ ሆነ። የእኅቴም ልጅ «ጋሼ፥ ጕልበቱን የሚጨርስበት ከበሮው ነው» አለኝ፤ ነገሩንም እንዲህ ሲል አስረዳኝ።

ወፍራም ድምፅ ብዙ አየር ማንቀሳቀስ ይፈልጋል። ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ሲል፥ እኩል ኃይል ይዞ እንዲወጣ የስፒከሩ ወረቀት አራት እጥፍ ርቆ መመላለስ አለበት። ከበሮው እንደ ታላቅ ማዕበል ነው፤ የዘፋኟ ድምፅ ደግሞ በማዕበሉ ጀርባ ላይ እንደሚሄድ ትንሽ ሞገድ ነው። አምፕሊፋየሩ አቅም አንሶት የማዕበሉን ጫፍ ሲቈርጥ፥ በላዩ ያለውን ሞገድ አብሮ ይቈርጠዋል። «እንግዲያውስ ኃይሉን እጥፍ እናድርገው» ብለው፥ 8ቱ ዋት 16 ቢሆን ትርፉ 3 ዴሲቤል ብቻ መሆኑን ነገረኝ፤ ለጆሮ እጥፍ ያህል ጎልቶ እንዲሰማ ዐሥር እጥፍ፥ ማለት 80 ዋት ግድ ነው አለ።

ስለዚህ ለወፍራሙ ድምፅ ብቻ የሚያገለግል፥ የራሱ ባለ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር በውስጡ ያለበት ሳብዉፈር ገዝተን በቤቱ ማዕዘን አኖርነው። ካሴቱን ብንከፍተው ከበሮው ቤቱን ሞላው፤ የእናቴ ድምፅ ግን እንደ ቀድሞው ተንቀጠቀጠ። እኔም ተቈጥቼ «ገንዘቤን ውኃ በላው» አልሁት። እርሱ ግን ጥቂት አስቦ «ለበቅሎዋ ረዳት አመጣንላት እንጂ ጭነቱን ከጀርባዋ አላወረድንም» አለ። በውነቱም ሳብዉፈሩ ከበሮውን ሲያሰማ፥ ትንሹም አምፕሊፋየር ያንኑ ከበሮ ለብቻው ይታገለው ነበር።

ጭነቱን የሚያወርደው ክሮስኦቨር የሚባለው አከፋፋይ ነው። ረቂቅ ሥራው ብዙ ነው፤ ዚግፍሪድ ሊንክዊትዝና ራስ ራይሊ በፈረንጆች 1976 ያወጡት ሥርዐት ድምፁን በየኦክታቩ በ24 ዴሲቤል ይለያል። የእኛ ግን የድኻ ክሮስኦቨር ነው፤ በአምፕሊፋየሩ መግቢያ ላይ በየጎኑ አንዳንድ ትንሽ ካፓሲተር ገባ፥ አለቀ። መግቢያው 100 ሺህ ኦም ስለ ሆነ፥ 0.02 ማይክሮፋራድ ያለው ካፓሲተር መለያውን በ80 ኸርዝ ላይ ያደርገዋል። በዚያ ላይ ወደ ቱቦው የሚደርሰው ኃይል ግማሽ ነው፤ በ40 ኸርዝ አንድ አምስተኛ ብቻ ይቀራል። የሴት ድምፅ መሠረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ160 ኸርዝ በላይ ስለ ሆነ፥ እናቴ ከድርሻዋ ብዙም አልተወሰደባትም።

የሳብዉፈሩን መለያ በመጀመሪያ በ120 ኸርዝ ብናደርገው ከበሮው ከማዕዘን እንደሚመታ ታወቀ፤ ወደ 80 ብናወርደው ግን፥ ጆሮ የዚያን ያህል የወፈረ ድምፅ ከወዴት እንደሚመጣ ለመለየት ስለሚቸግረው፥ ከበሮው ከዘፋኟ አጠገብ መጥቶ ቆመ። እኔ ከበሮ ወድጄ ባበዛው፥ ልጁ «ሳብዉፈር መኖሩ ከታወቀ በዝቷል» ብሎ ቀነሰብኝ።

ከዚያም የእናቴ ድምፅ ከሻካራው ሁሉ ጠርቶ ወጣ። ቃሉ ተለየ፤ በስንኝና በስንኝ መካከል ትንፋሿን ስትስብ እንኳ ተሰማ። ነገር ግን በአንድ ቦታ፥ ወደ መጨረሻው ገደማ፥ ድምፁ እንደ ገና ተንቀጠቀጠ። ልጁ ካፓሲተሩን መረመረ፥ ሽቦውን መረመረ፥ የሳብዉፈሩን ማብሪያ አጠፋ፤ ያ ቦታ አልተለወጠም።

በእሑዱ እኅቴ መጣችና አሰማናት። እኔም እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ «እትዬ፥ ይህችን ብቻ ማቅናት አቃተን» አልኋት። እርሷ ግን ነጠላዋን ወደ ዐይኗ ወስዳ «ተዉት፥ አትንኩት» አለች፤ «ይህ የመሣሪያው አይደለም። እዚህ ላይ ሁሉ ልጆቿ ተሰብስበው አንተ ብቻ አለመኖርህን አስባ አለቀሰች» አለችኝ።

እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ መለያውን አልነካሁትም። ሸክሙ ከወረደ በኋላ የቀረው መንቀጥቀጥ የእናቴ የራሷ ነው።