የጤና ጣቢያ መረጃ እና ኩበርኔቲስ

ለጋምቦ ወረዳ፣ አቀስታ ላለ ጤና ጣቢያ አፕ የሚሠራ ፕሮግራመር፣ አፖችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ ያስፈልገዋል?

ጉግል ኩበርኔቲስን እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረገው ከቦርግ ባገኘው ልምድ ተነስቶ ነው። ቦርግ በአንድ ክላስተር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖችን የሚያዝ የኩባንያው የውስጥ ሥርዓት ነው። ኩበርኔቲስ ኩበአድም በተባለው መጫኛ ሲጫን፣ መቆጣጠሪያው ማሽን ብቻውን ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራምና 2 ሲፒዩ ይፈልጋል፤ አፑ ገና ሳይጫን! አንድ ማሽን ሲወድቅ ሥራው እንዳይቆም ከተፈለገ ደግሞ ኢቲሲዲ የተባለው የክላስተሩ መረጃ ማከማቻ 3 ማሽን ይጠይቃል።

ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የወጣው የጤና መረጃ ሥርዓት ዲኤችአይኤስ2 ግን በቶምካት የድር ሰርቨርና በፖስትግሬስ ዳታቤዝ አንድ ማሽን ላይ መሥራት ይችላል። የለጋምቦ ባለሙያ ሪፖርት እየሞላ ኔትወርክ ቢቋረጥበት፣ ያስገባው ቁጥር ብሮውዘሩ ውስጥ ይቆይና መስመሩ ሲመለስ ይላካል። ለደጋው ወረዳ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው፤ ሰርቨሩ በዛም አነሰም የተቋረጠ መስመር አይቀጥልም።

የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎውም እ.ኤ.አ. በ2016 ዋና ገጹን ያስተናግድ የነበረው በ9 የድር ሰርቨሮች ነው፣ ያለ ኩበርኔቲስ።

ለትንሽ ቡድን ዶከር ኮምፖዝ እና በየሌሊቱ ወደ ሌላ ከተማ የሚገለበጥ፣ ተመልሶም የተሞከረ ባክአፕ ይበቃል። ብዙ ቡድኖች በርካታ አገልግሎቶችን በየቀኑ የሚያድሱ ከሆነ ጥያቄው እንደገና ይነሳል።