ተረካቢ ያለው በጎ ሥራ

ስለ በጎ ፈቃድ አገልግሎት ባሰብሁ ቁጥር ሕሊናዬ ወደ ኔፓል ኮረብታዎች ያዘነብላል፤ በዚያ ጎልማሳው ሲሳይ ፍለጋ ወደ ባሕረ ሰላጤ አገሮችና ወደ ማሌዥያ ስለሚሰደድ፣ ሩዝና ዳጉሳ የሚዘራበት የእርከን ማሳ ሸክሙ በእናቶችና በአረጋውያን ጫንቃ ላይ ወድቋልና። የአሜሪካ የሰላም ጓድ እ.ኤ.አ. በ1962 መምህራንን ወደ ኢትዮጵያ በላከበት በዚያው ዓመት ወደ ኔፓልም ልኮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 መጠኑ 7.8 የሆነው የምድር መናወጥ ወደ 9,000 የሚጠጋ ነፍስ በቀጠፈና በሺህ የሚቆጠሩ የመማሪያ ክፍሎችን ባፈረሰ ጊዜም፣ ከልዩ ልዩ አሕዛብ የመጡ ወጣቶች ድንጋይ ተሸክመዋል፣ ፊደል አስቆጥረዋል።

ነገር ግን ምጽዋት ከጥበብ ጋር ካልተባበረ ፍሬው ኃላፊ ነው። አንድ ወር እንግሊዝኛ አስተምሮ የሚመለስ እንግዳ፣ ሕፃናቱን ለሚቀጥለው እንግዳ ትቷቸው ይሄዳል፤ የመንደሩን መምህር ያገዘ ግን ትምህርቱን በቦታው ተክሎ ይሄዳል። እርሻውም እንዲሁ ነው፤ ገበሬይቱ የከብት ሽንትና እበት ከውሃና ከመራራ ቅጠል ጋር በበርሜል አብላልታ «ጆልማል» የተባለውን ፈሳሽ ማዳበሪያ ማዘጋጀት ከለመደች፣ ሽታው አፍንጫ ቢሰነፍጥም፣ ከውጭ የሚገባው ማዳበሪያ በዘገየበት ወራት ጎመኗና ቲማቲሟ አይጎሳቆሉም።

ስለዚህ በፈቃዱ የሚዘምት ሁሉ ሻንጣውን ሳያነሣ ተረካቢውን ይወቅ፤ ተረካቢ የሌለው በጎ ሥራ ለሠሪው ትዝታ እንጂ ለመንደሩ ሀብት አይሆንም።