ማህተሙ እኔ ጋ ነበር

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኳስ ነው። «የመስጂድ ሰው ከኳስ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ካለ ልጅ ወልዶ ይየው።

የበኩር ልጄ የተወለደው በ2002 ዓ.ም. ነሐሴ ሲያልቅ፣ ረመዷን ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ቀኑን አልረሳውም፤ እናቱን ሐኪም ቤት አስገብቼ በአንድ ተምርና በውሃ ያፈጠርኩት ደጅ ላይ ቆሜ ነው። በ2005 ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ ትከሻዬ ላይ አስቀምጬው ደሴ መንገድ ላይ ወጣሁ፤ ሰዉ ሁሉ የሳላዲን ሰዒድን ስም ይጠራ ነበር። እንግዲህ በሽታውን ያስያዝኩት እኔው ነኝ።

አምና ልጁ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ከዐስር በኋላ ሰፈራችን ካለው የታዳጊዎች ፕሮጀክት ጋር ይለማመዳል። አንድ ቀን አሠልጣኙ መስጂድ በር ላይ ጠበቀኝ።

«ኡስታዝ፣ ከአዲስ አበባ መልማዮች ሊመጡ ነው። የሚፈልጉት ከ13 ዓመት በታች ነው። የርስዎ ልጅ ፊቱ ገና ነው፣ ቁመቱም አያሳብቅም። ከመድረሳው አንድ የዕድሜ ማረጋገጫ ቢጽፉለት የቀረውን እኔ እጨርሳለሁ። ማህተሙ እርስዎ ጋ አይደል?»

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ኳሱን ከኪሱ ነው የሚገዛው። ታኬታ ለሌለው ልጅ ለምኖ ያመጣል። እኛ ወላጆች የምናዋጣው ለውሃ እንኳ አይበቃም። «ሁሉም ያደርገዋል» ሲለኝ ውሸቱን አልነበረም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሁለት ሌሊት አሰብኩበት። ልጆቹን ሰኞ ሰኞ ስለ እውነተኝነት የማስተምረው እኔ፣ «ሁለት ዓመት ማንን ይጎዳል?» እያልኩ ተገላበጥኩ። በዚያ ዕድሜ ግን ሁለት ዓመት ማለት እግርና ደረት ነው። አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች መሐል ሲገባ በጉልበት ይገፋቸዋል፣ በሩጫ ይጥላቸዋል፤ መልማዩም ተሰጥኦ አገኘሁ ይላል። ያገኘው ሁለት ረመዷን የሚበልጣቸውን ልጅ ነው።

ፊፋ ይህን ስለሚያውቅ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓ አጥንትን በኤምአርአይ ያስመረምራል። አጥንቱ ማደጉን ጨርሶ ሙሉ በሙሉ ከገጠመ ልጁ ዕድሜው አልፏል ተብሎ ይሰናበታል። ካሜሩን ለ2023ቱ ከ17 ዓመት በታች የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ስትዘጋጅ፣ ፌዴሬሽኑ አስመርምሮ ከ30 ተጫዋቾች 21ዱ ወደቁ። እነዚያ ልጆች ወረቀታቸውን ብቻቸውን ያስተካከሉት አይመስለኝም። ከኋላቸው አባት አለ፣ አሠልጣኝ አለ፣ ማህተም የያዘ ሰው አለ።

እኛ ሰፈር ግን አጥንት የሚያይ የለም። የሚታየው ማህተም ነው።

በሦስተኛው ቀን የመድረሳውን መዝገብ ገለጥኩ፤ ልጽፍም ይሁን ላልጽፍ ገና አልወሰንኩም ነበር። የልጄ የልደት ዓመት በራሴ እጅ ጽሑፍ ተጽፏል። እዚያው ገጽ ላይ የጎረቤቴ ልጅ አለ፤ እሱም አሥራ አራት። ያን ጊዜ ላብ አሰመጠኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት አባቱ «ለኳስ ነው፣ ቶሎ በልልኝ» ሲለኝ መዝገብ ሳልገልጥ፣ የነገረኝን አምኜ «ዕድሜው 12 ነው» ብዬ ማህተም መትቼ ሰጥቼዋለሁ። ዝቅ ብሎ ደግሞ እናቱ ሻይ እየሸጠች የምታሳድገው አንድ ቀጭን ልጅ አለ። እሱ በእውነት አሥራ ሁለት ነው። እዚያው ፕሮጀክት ውስጥ ነው፤ ሁሌም ተቀያሪ።

ሄጄ ለኢማማችን ነገርኳቸው። ብዙ አልተናገሩም። ማህተሙን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት፤ እስካሁን እሳቸው ጋ ነው። ጎረቤቴ ዘንድም ሄድኩ። «የራስህን ልጅ በር ዘግተህ የኔን ልትዘጋ መጣህ?» አለኝ። ለአሠልጣኙም ነገርኩት፤ «ስም ዝርዝሩ ሄዷል» አለኝ። ከዚያ በላይ አልገፋሁም። መግፋት ነበረብኝ።

መልማዮቹ መጥተው ሦስት ልጆች መረጡ። አንዱ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ቀጭኑ ልጅ አልተመረጠም። ቢሰለፍ ይመረጥ ነበር ወይ? አላህ ነው የሚያውቀው፤ ያን ቀን ሜዳ አልገባም።

ለተመረጠውም ልጅ እሰጋለሁ። ነገ የትምህርት ማስረጃው አንድ ዕድሜ፣ ፓስፖርቱ ሌላ ዕድሜ ሲናገር ተጠያቂው እሱ ነው፤ አባቱም እኔም አይደለንም።

ልጄ ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። አሁን ከእኩዮቹ ጋር ይለማመዳል፤ ጎል ማግባት ከብዶታል፣ አንዳንዴ ተቀያሪ ይሆናል። ባለፈው መግሪብ ሰግደን ስንመለስ ታኬታውን አንጠልጥሎ ዝም ብሎ ሲሄድ ቆየና፣

«አባዬ፣ የሱን ደብዳቤ ማን ነው የጻፈለት?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።