የስኳር በሽታ ስላለባት ድመት

በአገራችን ድመት የምትወደደው አይጥ ስለምትይዝ ነው። ለድመት በየዕለቱ መርፌ ይወጋል ቢባል ብዙ ሰው ይሥቃል። ነገር ግን የስኳር በሽታ ሰውን ብቻ የሚይዝ አይደለምና፥ በዕድሜ የገፋችና የወፈረች ድመትም ታገኘዋለች። የእኛም ድመት ውሃ ደጋግማ ስትጠጣ፥ ሽንቷ ሲበዛ፥ እየበላችም ስትከሳ አይተን ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድናት፤ በሽታዋም ይኸው ሆኖ ተገኘ።

እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1921 ዓ.ም. ባንቲንግና ባልደረቦቹ በካናዳ፥ በቶሮንቶ ከተማ፥ ያገኙት ኢንሱሊን ለሰው እንደ ጠቀመ ለድመትም ይጠቅማል። ብዙውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ከቆዳ በታች ይወጋል። መርፌው ቀጭን ስለ ሆነ እንስሳይቱ እየበላች ሳለ እምብዛም አታስተውለውም። አስቸጋሪው ነገር መውጋቱ ሳይሆን ልኩን መጠበቁ ነው።

ሰው ሁሉ የሚፈራው የስኳርን መብዛት ነው፤ እኛ ግን አብልጠን የምንፈራው ማነሱን ነው። የበዛ ስኳር አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ እጅግ ያነሰ ግን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ድመቲቱ ብትዝል፥ ብትንገዳገድ ወይም ብትንቀጠቀጥ፥ ድዷን ማር ቀብቶ ፈጥኖ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ምግብ እንቢ ባለች ቀንም ሐኪሙን ሳይጠይቁ የተለመደውን መጠን መስጠት አይገባም።

የመድኃኒቱም ኃይል አንድ ዓይነት አይደለም። በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት የሚይዝ አለ፤ 100 ዩኒት የሚይዝም አለ። ለ40ው በተሠራ ሲሪንጅ 100ውን የቀዳ ሰው ሁለት ተኩል እጥፍ ይሰጣል።

ድመት ስትደነግጥ ስኳሯ ከፍ ስለሚል፥ በሐኪም ቤት የታየው ቍጥር በቤት ካለው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ከጆሮዋ ጠርዝ በምትወጣ አንዲት የደም ጠብታ በቤታችን እየለካን በደብተር እንጽፋለን። አንድ ቀን ቍጥሩ ቢጨምር መጠኑን በገዛ ሥልጣናችን አናሳድግም፤ የብዙ ቀኑን ጽሑፍ ለሐኪሙ እናሳያለን እንጂ። ደግሞም ሥጋ የበዛበትን ምግብ እየበሉ በጊዜ የታከሙ አንዳንድ ድመቶች መርፌውን እስከ መተው ይደርሳሉ። ያን ጊዜ ትናንት ያዳነ መጠን ዛሬ ሊገድል ይችላልና፥ ሲሻላትም መለካቱን አንተውም።

ለድመት ይህን ያህል መድከም ምን ይረባል የሚሉን አሉ። እርስዋ ሕመሟን መናገር አትችልምና፥ በቤታችን ያስጠጋናት እኛ ልናስብላት ይገባል። የስኳር ሕመምተኛ በቤቱ ላለ ሰውም ይህ ሥርዓት እንግዳ አይሆንበትም፤ ሰዓትን ማክበር፥ ልክን ማወቅና አለመቸኮል ነውና።