ወደ ማቹ ፒቹ ከመነሳታችን በፊት

አላህ (ሱ.ወ.) በቅዱስ ቁርኣን በተለያዩ ሱራዎች፣ ሰዎች በምድር ላይ እንዲጓዙና ከእነርሱ በፊት የነበሩት ሕዝቦች መጨረሻቸው ምን እንደሆነ እንዲመለከቱ አዝዟል። ይህንን ትእዛዝ ብዙዎቻችን ደጋግመን እናነበዋለን፤ ለመፈጸም የምንነሳው ግን ጥቂቶች ነን። ባለፈው ረመዷን አንድ ምሽት፣ ከተራዊሕ ሶላት በኋላ ሦስት ቤተሰቦች ተሰብስበን ሻይ ስንጠጣ፣ ከልጆቹ አንዱ ከትምህርት ቤት ያመጣውን መጽሐፍ ገልጦ አሳየን። በሥዕሉ ላይ በተራሮች ትከሻ የተቀመጠ፣ ደመና ከበታቹ የሚሄድ የድንጋይ ከተማ ይታያል። ስሙ ማቹ ፒቹ ነው። ልጁም «እዚህ በእግር መሄድ ይቻላል?» ሲል ጠየቀን። ይኸው ጥያቄ ለወራት ሲያስጠናን ከረመ። ያገኘነውን ለውድ አንባብያን ማካፈል መልካም ሆኖ አገኘነው።

የኢንካዎች ከተማ

ማቹ ፒቹ የሚገኘው በደቡብ አሜሪካ፣ በፔሩ አገር፣ ከኩስኮ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ ነው። የተሠራው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በኢንካው ንጉሥ በፓቻኩቲ ዘመን ነው። ሱልጣን መሐመድ አል-ፋቲሕ ቁስጥንጥንያን የከፈቱትም (እ.ኤ.አ. በ1453) በዚያው ዘመን ነበር።

ኢንካዎች የብረት መሣሪያ አልነበራቸውም። ጋሪ አያውቁም፤ ፈረስም በቅሎም የላቸውም። ሒሳባቸውን የሚይዙት በክር ቋጠሮ ነበር። ሆኖም ድንጋዩን ጠርበው ያለ ጭቃ እርስ በርሱ አገጣጥመውታል። ከባድ ዝናብ ተራራውን እንዳይንደው እርከን ሠርተው፣ ከእርከኑ ሥር ጠጠርና አሸዋ ደልድለው ውኃው እንዲሰርግ አድርገዋል። የመንገዳቸው ርዝመት በአጠቃላይ ወደ 30,000 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር።

ይህ ሁሉ ኃይል ግን አልዘለቀም። እ.ኤ.አ. በ1492 ግራናዳን ከሙስሊሞች እጅ የወሰደችው ስፔን፣ አርባ ዓመት ቆይቶ በ1532 ወታደሮቿ የኢንካውን ንጉሥ አታዋልፓን ማረኩ። ንጉሡ ነፍሱን ለማዳን አንድ ክፍል ሙሉ ወርቅ ቢያስመጣም በ1533 ተገደለ። ሀብቱም ሠራዊቱም አላዳኑትም። ለሚያስተውል ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ትምህርት አለ?

ማቹ ፒቹም ተለቃ ጫካ ለበሰች። እ.ኤ.አ. በ1911 አሜሪካዊው ሂራም ቢንግሃም በአካባቢው ሰዎች ተመርቶ ደረሰና ለዓለም አስተዋወቃት። ይሁንና እርሱ ሲደርስ ገበሬዎች በእርከኖቿ ላይ እያረሱ ይኖሩ ነበር።

መንገዱና ፈቃዱ

በጣም የታወቀው የእግር መንገድ 43 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አራት ቀን ይፈጃል። በራስ ፈቃድ ተነስቶ መሄድ አይቻልም። ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ድርጅት ጋር መሄድ ግዴታ ነው። በአንድ ቀን የሚገቡት መሪዎችና ተሸካሚዎች ተቆጥረው 500 ሰዎች ብቻ ስለሆኑ፣ ከብዙ ወራት በፊት መመዝገብ ያስፈልጋል። ፈቃዱ የሚወጣው በፓስፖርት ቁጥር ነው፤ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። መንገዱ በየዓመቱ የካቲት ላይ (በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ) ለጥገና ይዘጋል። የተሻለው ወቅት ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው በጋቸው ነው። በእግር መሄድ ለማይችሉ አረጋውያን ባቡር እስከ ተራራው ግርጌ ያደርሳቸዋል።

ከፍታውን መናቅ አይገባም። ማቹ ፒቹ ራሷ 2,430 ሜትር ላይ ስለሆነች ከአዲስ አበባ ብዙም አትለይም። ኩስኮ ግን 3,400 ሜትር ገደማ ነው። የመንገዱ ከፍተኛ ማለፊያ ደግሞ 4,215 ሜትር ይደርሳል፤ ከባሌው ቱሉ ዲምቱ ጥቂት ብቻ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ኩስኮ ላይ ሁለት ሦስት ቀን አርፎ ሰውነትን ማላመድ ያሻል።

ሶላትና ምግብ

እኛ አዲስ አበባ ላይ ወደ ሰሜን እንሰግዳለን። ከኩስኮ ግን ቂብላው ከምሥራቅ ጥቂት ወደ ሰሜን ያዘነብላል። ኮምፓስ ከስንቁ ጋር ይያዝ። መንገደኛ ሶላቱን ያሳጥራል፤ እንደየመዝሀቡም ያጣምራል። በዚያ ብርድ፣ በውዱእ ለተለበሰ ኹፍ ለመንገደኛ እስከ ሦስት ቀንና ሌሊት የተፈቀደው ማበስ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሐላል የታረደ ሥጋ በመንገድ ላይ አገኛለሁ ብሎ መነሳት አይበጅም። ነገር ግን ድንች፣ በቆሎ፣ ባቄላ፣ ዕንቁላልና ዓሣ ሞልቷል። ለምግብ አብሳዩ አስቀድሞ መንገር ይገባል። መጠጡ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ «ቺቻ ሞራዳ» ከሐምራዊ በቆሎ ተፈልቶ የሚጠጣ ሲሆን አያሰክርም፤ «ቺቻ ዴ ሆራ» ግን እንደ ጠላ የሚጠነሰስ ነው። እንደ ጫት የሚታኘከውን የኮካ ቅጠል ለከፍታው መድኃኒት ነው እያሉ ያቀርባሉ። ከዚሁ ቅጠል ኮኬይን ስለሚወጣ እኛ ሳንነካው ለማለፍ ወስነናል። አንዳንድ መሪዎችም «ለምድር እናት» ቅጠል እንድናቀርብ ይጋብዛሉ። ይህ ሺርክ ነው። ሰውየውን ሳይሰድቡ በትሕትና ገለል ማለት ይበቃል።

የተሸካሚው ሐቅ

ድንኳኑን፣ ምግቡን፣ ምድጃውን የሚሸከሙት የተራራው ገበሬዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የተሸካሚዎች ሕግ ከ20 ኪሎ በላይ እንዳይጫንባቸው ከልክሏል። ዋጋዎችን ስናወዳድር አንዱ ከሌላው እጅግ ረክሶ አየነው። ደስ ብሎን ልንይዘው ስንል ከመካከላችን አንዱ «ልዩነቱን የሚከፍለው ማነው?» አለ። መልሱ ግልጽ ነበር፤ የተሸካሚው ጀርባና ደሞዙ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሠራተኛ ዋጋ ሳይዘገይ እንዲከፈል አስተምረዋል። በተበደለ ሰው ትከሻ ላይ ተጭኖ የአላህን ተአምር ለመመልከት መሄድ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ለተሸካሚዎች ምን ያህል እንደሚከፍሉ፣ ምን እንደሚያበሏቸውና የት እንደሚያሳድሯቸው ለየድርጅቱ መጠየቅ ጀመርን።

የሐጃ ጥያቄ

ዕቅዱ ተጠናቆ ወጪው በወረቀት ላይ ሲደመር፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያዳምጡን የነበሩት የአንዳችን እናት ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ «ልጆቼ፣ ኢንሻአላህ ትሄዳላችሁ። ግን ከእናንተ ውስጥ ካዕባን ያየ ስንት ነው?» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከስድስታችን ሐጅ ያደረገው አንድ ብቻ ነበር። የሌሎቻችን ሰበብ ሁልጊዜ «አቅም የለንም» ነበር። ፊታችን ያለው ወረቀት ግን አቅም እንዳለን መሰከረብን።

«እማዬ፣ እውነትዎን ነው» አላቸው ልጃቸው።

በዚያው ምሽት ገንዘቡን ለሁለት ከፈልነው። የሐጁ ይቀድማል። የማቹ ፒቹ ወረቀት በፋይሉ ተቀምጧል። እስከዚያ ልጆቻችንን ባሌ ተራሮች ላይ በእግር እናለማምዳቸዋለን። አላህ ግዴታችንን አስቀድመን እንድንፈጽም፣ ከዚያም ሰፊ ምድሩን አይተን ትምህርት እንድንወስድ ይወፍቀን። አሚን።