የኋላው በር ማጠፊያ

ሰው ከቤቱ ሲወጣና ሲገባ በሩን ያያል እንጂ በሩ የሚታጠፍበትን ብረት ልብ ብሎ አይመለከትም። በሩ ያለ ችግር እስከ ተከፈተና እስከ ተዘጋ ድረስ ማጠፊያ የሚባል ነገር መኖሩ እንኳ አይታሰብም። እኛም ባልና ሚስት ከዚሁ ዓይነት ሰዎች መካከል ነበርን። ዛሬ ይህን የምንጽፈው ስለ አንድ መኪና የኋላ በር ነው፤ ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ያስከተለብን ኀፍረት ትንሽ አልነበረም።

መኖሪያችን በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፣ በከተማዋ ደቡባዊ ወገን ሎሎጎ በተባለው ሰፈር ነው። በስተምሥራቃችን ነጭ ዓባይ ይወርዳል፤ በስተምዕራብ ደግሞ ጀበል ኩጁር የተባለው ድንጋያማ ተራራ ይታያል። በዚህች ከተማ በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በመጓጓዣ ሥራ ተሠማርተው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ናቸው። የእኛም መተዳደሪያ እንጀራ ጋግሮ ለምግብ ቤቶች ማድረስ ነው። የአገሩ ሰዎች ከማሽላ የሚዘጋጅ ኪስራ የተባለ ስስ ቂጣ ስላላቸው፣ እንጀራችንን ሲያዩ እንደ ሩቅ ዘመድ ይቀበሉታል እንጂ እንግዳ ነገር አይሆንባቸውም።

እንጀራውን የምናመላልሰው በአንዲት አሮጌ ቶዮታ ሃያስ ነው። የዚህች መኪና የኋላ በር እንደ ቤት በር ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ የሚከፈት ነው። ሲከፈት እንደ ጃንጥላ ስለሚዘረጋ፣ ዕቃ የሚያወርደውን ሰው ከዝናብና ከፀሐይ ይከልላል። በሩ ከጣራው ጠርዝ ጋር የሚያያዘው በሁለት ማጠፊያዎች ነው። በግራና በቀኝም ናይትሮጂን የተባለ ጋዝ በከፍተኛ ግፊት የታመቀባቸው ሁለት ደጋፊ ዘንጎች አሉት። የበሩን ክብደት ወደ ላይ የሚገፉት ዘንጎቹ ናቸው፤ በሩን በቦታው የሚያጸኑት ግን ማጠፊያዎቹ ናቸው። ይህን ልዩነት ያወቅነው ዘግይተን ነው።

በጁባ ዝናብ የሚበዛው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት አስፋልት ያልለበሱት የሰፈራችን መንገዶች ጭቃና ጉድጓድ ይሆናሉ። መኪናዋ በዚያ ላይ በየማለዳው ስትንገጫገጭ፣ በግራው ማጠፊያ ሥር ውሃ ሰርጎ ላሜራውን፣ ማለት ስሱን የመኪና ብረት፣ ዝገት በላው። በሩ በተከፈተ ቁጥር «ሲጥጥ» የሚል ድምፅ ያሰማ ጀመር። ቀጥሎም በአንድ ወገን ዝቅ ብሎ አልገጥም አለ። እኛም ምክንያቱን በመመርመር ፈንታ በኀይል ወርውረን መዝጋትን ልማድ አደረግን። በኀይል በዘጋነው መጠን የዛገው ብረት ይበልጥ እየተቀደደ ሄደ።

በመጨረሻ የግራው ማጠፊያ ከነብሎኑ ተነቅሎ ወጣ። ዕለቱ ሁለት የሰርግ ትእዛዝ የነበረብን ቀን ስለ ነበረ፣ በመንገድ ዳር ወደሚሠራ አንድ በያጅ ሄደን «ዛሬውኑ አድርስልን» አልነው። እርሱም ማጠፊያውን ከጣራው ጋር በግማሽ ሰዓት ውስጥ በየደልን። ብሎን የለ፤ መለኪያ የለ፤ ዝገቱም አልተነሣ። ዋጋው ግን ርካሽ ነበርና እየተመሰጋገንን ተለያየን። በያጁ የታዘዘውን ሠራ፤ ጥፋቱ የአዛዦቹ ነው።

ከእኛ ጋር የሚሠራ አንድ የጎረቤት ልጅ አለ። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው፤ ማለዳ ማለዳ እንጀራውን በመጫንና በማውረድ ይረዳናል፤ ከረፋዱ በኋላም ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። የሚያገኘውን ገንዘብ ለትምህርቱ ያውለው ነበር። ብየዳው በተሠራ በሦስተኛው ሳምንት፣ ልጁ አንዱን ሣጥን ለመሳብ እጁን ወደ ውስጥ በሰደደበት ቅጽበት የቀኙ ማጠፊያ ተገንጥሎ በሩ ወደቀ። ልጁ ራሱን ቢያድንም ቀኝ እጁ በበሩና በመኪናው ጠርዝ መካከል ተያዘ።

በሐኪም ቤት የራጅ ምርመራ ሲደረግለት የአንድ ጣቱ አጥንት ተሰንጥቆ ተገኘ። ሁለቱ ጣቶች ደግሞ ክፉኛ አብጠው ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተናውን ሊቀመጥ የቀረው ጊዜ አምስት ሳምንት ብቻ ነበር፤ የተጎዳውም የሚጽፍበት እጁ ነበር።

በዚያው ቀን ማታ ይቅርታ ለመለመን ወደ እናቱ ዘንድ ሄድን። የሕክምናውን ወጪ እንደምንችል፣ ልጁ ባይሠራም ደመወዙ እንደማይቋረጥ ነገርናቸው። እሳቸው አልተቆጡም። ወንበር ሰጡን፤ ሻይ አቀረቡልን። ከዚያም በዐረብኛቸው እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦

«ብረት ሳይናገር አይሰበርም። የእናንተ በር ቀድሞ አልተናገረምን?»

መልስ አልነበረንም። አንድ ወር ሙሉ ሲናገር ሰምተነው ነበርና አንገታችንን ደፋን።

በማግሥቱ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ለብዙ ዓመታት የመኪና አካል ሲጠግኑ ኖረው ወደ ጁባ የመጡ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄደን የሆነውን ሁሉ ሳንደብቅ አጫወትናቸው። ሽማግሌው መኪናዋን ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ የምትቸኩሉ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ» አሉን። «ጋሼ፣ ችኮላው ያደረገንን አይተናል፤ እርስዎ እንዳሉ ይሁን» ብለን ቁልፉን ሰጠናቸው።

በመጀመሪያ ያዘዙን ሁለት አዲስ ማጠፊያዎችን እንድናስመጣ ነበር። አንዱን ብቻ ብንለውጥ የሌላው መበላት አዲሱንም ያበላሸዋል አሉን። ወደ ጁባ ከሚገባው መለዋወጫ ብዙው በኬንያው የሞምባሳ ወደብና በዩጋንዳ በኩል የሚመጣ ሲሆን፣ ከኒሙሌ ድንበር እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ አስፋልት ሆኖ የተጠናቀቀው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛም ማጠፊያዎች በዚያው መንገድ መጥተው፣ በጃፓን ርዳታ ተሠርቶ በግንቦት ወር 2014 ዓ.ም. የተመረቀውን የነጻነት ድልድይ ተሻግረው ደረሱልን።

ሥራው በተጀመረ ጊዜ ሽማግሌው እያንዳንዱን ነገር እንድናይ አጠገባቸው አቆሙን። መኪናዋ ባዶ ሆና በለጥ ያለ መሬት ላይ ቆመች። ዘንጎቹ ከመፈታታቸው በፊት በሩ በሁለት ሞራሌ እንጨቶች ተደገፈ፤ በግራና በቀኝም አንዳንድ ሰው ያዘው። ዘንጎቹ ሲወጡ፣ «እነዚህን ማንም እንዳይበሳቸው፣ ከእሳትም እንዳያቀርባቸው፤ በውስጣቸው ያለው ጋዝ ሰው ይጎዳል» ብለው አስጠነቀቁ። ከዚያም የሰሌዳ መብራቱንና የዝናብ መጥረጊያውን ሽቦዎች ፈትተው፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም እንዳይጠፋ በየጫፉ የጨርቅ ምልክት አሰሩበት።

ቀጥለው ያ ርካሽ ብየዳ ተቆርጦ እንዲወጣ አደረጉ። ዝገት የነካው ላሜራ እስከ ጤናማው ብረት ድረስ ተቆረጠ፤ በምትኩም አዲስ ላሜራ ተበየደ። በጣራው ውስጥ ከማጠፊያው በስተጀርባ ወፍራም ብረት ገባ፤ ይህም የበሩ ክብደት በብሎኖቹ ቀዳዳ ላይ ብቻ እንዳያርፍና ሰፋ ባለ ቦታ ላይ እንዲከፋፈል ነው። ከዚያ በኋላ ዝገት የሚከላከል ቀለም ተቀባ።

ትልቁን ትምህርት ያገኘነው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ሽማግሌው አንድ ቀጥ ያለ ቀጭን ዘንግ አምጥተው በሁለቱ ማጠፊያዎች ቀዳዳዎች አንጻር አጋደሙትና ጠሩን። «እዩ» አሉ፤ «በሩ የሚዞረው በዚህ መስመር ላይ ነው። ሁለቱ ማጠፊያዎች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ካልዋሉ፣ እያንዳንዳቸው በሩን ወደ የራሳቸው ሊያዞሩ ይፈልጋሉ። በር ደግሞ በሁለት መስመር መዞር አይችልም። ስለዚህ በተከፈተ ቁጥር ብረቱ ጥቂት ይጎብጣል፤ በተዘጋ ቁጥር ይመለሳል። ሽቦ ደጋግመው ሲያጥፉት እንደሚቆረጥ ሁሉ ይህም አንድ ቀን ይቆረጣል። ያ የግራ ማጠፊያ ጠምሞ ስለ ተበየደ የተቆረጠው ጤነኛው የቀኙ ሆነ።»

ይህን ሲነግሩን ባልና ሚስት ተያየን። በያጁ ዘንድ እንሂድ ያለው አንዳችን፣ ይቆይ ያለው ሌላችን እንደ ነበርን አስታወስን፤ ይቆይ ያለውም ቢሆን አንድ ጊዜ ተናግሮ ዝም ከማለት በቀር አልተከራከረም። ማን ማን እንደ ነበረ እዚህ መጻፉ አስፈላጊ አይደለም።

ሽማግሌው ሥራቸውን ሳያቋርጡ ስለ አገራችን የጥንት በሮች አጫወቱን። አባቶቻችን የሣንቃ መዝጊያ ሲሠሩ ከራሱ ከሣንቃው በላይና በታች ጉጥ አስቀርተው ይጠርቡና ጉጡን በመድረኩና በጉበኑ ቀዳዳ ውስጥ ያቆሙት ነበር። ሁለቱ ጉጦች የወጡት ከአንድ እንጨት ስለ ሆነ መስመራቸው የሚገጥመው ከመጀመሪያው ነው። የዛሬው በር ግን ለየብቻ በተሠሩ ሁለት ብረቶች ይንጠለጠላልና፣ ያንን አንድነት ሠሪው በልኬት ማምጣት አለበት። «እንጨቱ በተፈጥሮ ያገኘውን ብረት በጥንቃቄ ያገኘዋል» አሉን።

መስመሩ ከተስተካከለ በኋላ ብሎኖቹ በእጅ ብቻ ላላ ተደርገው ተያዙ፤ በሩም ተሰቀለ። ቀስ ብሎ ሲዘጋ በበሩና በመኪናው አካል መካከል ያለው ክፍተት በግራም በቀኝም እኩል መሆኑን ለማወቅ፣ አንድ የታጠፈ ካርቶን በየቦታው እያስገቡ ለኩ። በግራ በኩል ካርቶኑ ስለ ጠበበው፣ በሠራተኞች አነጋገር ሮንዴላ የሚባለውን ስስ ቀለበት ከማጠፊያው ሥር ጨመሩ። ክፍተቱ እኩል እስኪሆን ድረስ አራት ጊዜ ፈትተው አሰሩ። የመዝጊያው ቁልፍ የተስተካከለው ከሁሉ በመጨረሻ ነው፤ ምክንያቱም የተጣመመን በር በቁልፍ ጎትቶ ማስገጠም በሽታውን መደበቅ ነው። ብሎኖቹ ከጠበቁና ደጋፊ ዘንጎቹ ከተመለሱ በኋላም ውሃ የሚያግድ ማጣበቂያ በማጠፊያዎቹ ዙሪያ ተቀብቶ፣ ሲደርቅ በላዩ ሁለት ባልዲ ውሃ ፈሰሰበት። አንዲት ጠብታ ወደ ውስጥ አልገባችም።

ሥራው በሦስተኛው ቀን ሲፈጸም ለመክፈል እጃችንን ወደ ኪሳችን ሰደድን። ሽማግሌው ግን፣ «ገንዘቡ ይቆይ፤ አስቀድማችሁ ሁለታችሁም ከበሩ ሥር ቁሙና ሃያ ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ» አሉን። «የሰው ልጅ እጁን በሚያስገባበት ሥራ ላይ አስቀድሞ መቆም የሚገባው አሠሪው ነው።» እንደ ታዘዝነው አደረግን። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ፈርተን ነበር። በሩ ግን ያለ ድምፅ ከፍ አለ፤ ያለ ድምፅ ዝቅ አለ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ተመልሰን ብሎኖቹን እንድናስጠብቅም አዘዙን፤ አዲስ ሥራ ከተንገጫገጨ በኋላ ጥቂት መላላቱ አይቀርምና።

ልጁን በሚመለከት፣ እጁ ታስሮ በቆየበት ጊዜ በየማታው በተራ እየሄድን እርሱ ሲናገር እኛ የጥናት ማስታወሻውን እንጽፍለት ነበር። የፊዚክስ ትምህርት ላይ ስንደርስ ስለ ክብደትና ስለ መዞሪያ መስመር የሚናገር አንድ ምዕራፍ አጋጠመን። ልጁ ሳቀና፣ «ይህንንስ እናንተ ታውቁታላችሁ» አለን። እኛ ግን ለመሳቅ ጊዜ ፈጀብን።

የጣቱ እስራት ከፈተናው ስድስት ቀን በፊት ተፈታለት። ከሌሎች ተማሪዎች ይልቅ በዝግታ እየጻፈ ፈተናውን ተቀመጠ፤ አለፈም። የእጅ ጽሕፈቱ ግን ከዚያ ወዲህ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል።

አንባቢ ሆይ፣ መኪና ካለህ ዛሬውኑ የኋላ በሩን ከፍተህ አድምጠው። ድምፅ ካሰማ፣ ወይም በአንድ ወገን ዝቅ ካለ፣ ወይም ካልወረወርከው የማይዘጋ ከሆነ ዝም አትበለው። አሁን ጥቂት ብሎን የሚበቃው ነገር ቆይቶ በገንዘብ የማይከፈል ሊሆን ይችላል።

ልጁ ዛሬም ማለዳ ማለዳ ከእኛ ጋር ይሠራል። በሩ ከተከፈተ በኋላ እጁን ወደ ውስጥ ከመስደዱ በፊት አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ሁለቱን ማጠፊያዎች ያያል። አዲስ እንደ ሆኑ ያውቃል፤ ሲሰቀሉም ቆሞ አይቷል። ቢሆንም ያያል። እኛም አብረን ቀና እንላለን፤ እርሱ አይቶ ሳይጨርስም «ቶሎ በል» አንለውም።